ለመጦሪያ ቤታችን ስለ ላኩልን የሃይማኖት መቁጠሪያ ቅጽ

ለክቡር አቶ ዊንስሎ ፔቲግሩ
የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት የክልል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለሰልፋችን ስለ ሰጡን ምላሽ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም እርስዎ በሌሉበት ስለ እርስዎ ለሚፈርመው ማኅተምዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ጤናን በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ ለሕዝብ ለሚያድል መሥሪያ ቤት ጤና መመኘት ለቀባሪ ማርዳት እንደሚሆን አላጣሁትም፤ ይሁን እንጂ እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሰውን ከመውቀስህ በፊት ደኅንነቱን ጠይቅ ብላ ስላሳደገችኝ ልማዴን መተው አልሆነልኝም።

ስሜ ክላረንስ ዱዴክ ይባላል። ዕድሜዬ ሰባ አራት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ዓመት በኢሪ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በማርሎ ፖይንት ከተማ በፖስተኛነት አሳልፌዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ አንድ ብቻ ነው። በየቀኑ ከቁርስ በኋላ በእግሬ ወደ ቅዱስ ዮአኪም የአረጋውያን መጦሪያ ቤት እሄድና፣ በአሥራ አራት ቁጥር ክፍል ከባለቤቴ ከበርናዲን አጠገብ እስከ ራት ድረስ እቀመጣለሁ። በርናዲን የመርሳት ሕመም ከያዛት አምስት ዓመት አለፋት። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ስድስት የካቶሊክ መነኮሳይያት ናቸው፤ ባለቤቴም ከአለቃቸው ከእማሆይ ሉድሚላና ሎኔታ ከምትባለው አስታማሚ እጅ በቀር የማንንም ማንኪያ አትቀበልም፤ የእኔንም ጭምር። ይህ ቤት ቢዘጋ ባዶ አልጋ ያለው ቅርቡ መጦሪያ በመኪና ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ እኔ ደግሞ ዓይኔ ስለ ደከመ መንጃ ፈቃዴን ባለፈው ዓመት መልሻለሁ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ እንቅልፍ ማጣቴን ለክቡርነትዎ በጽሑፍ ማሳወቄም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ስለሚወጣ፣ ነገሩን ላልሰማ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። መሥሪያ ቤትዎ በሚያስፈጽመው አዲስ ደንብ መሠረት፣ ማንኛውም አሠሪ ለሠራተኞቹ በሚገዛው የጤና መድን ውስጥ የወሊድ መከላከያንና ማምከንን ያለ ክፍያ እንዲያካትት ይገደዳል። ይህ ደግሞ በመነኮሳይያቱ እምነት ኃጢአት ነው። ደንቡ የሃይማኖት ተቋማትን ከግዴታው ነፃ በማድረግ ምሕረት አድርጓል፤ ነገር ግን አንድ ተቋም የሃይማኖት ለመባል፣ የሚቀጥራቸውም ሆነ የሚያገለግላቸው ሰዎች በአብዛኛው የራሱ እምነት ተከታዮች ሊሆኑ ይገባል። ቅዱስ ዮአኪም ደጁን ላንኳኳ ሁሉ የሚከፍት ቤት ስለ ሆነ፣ በደንቡ ዓይን የሃይማኖት ቤት ሊባል አልቻለም። መነኮሳይያቱ እሺ ካሉ ከሕሊናቸው ይጣላሉ፤ እምቢ ካሉ እስኪዘጉ ድረስ ይቀጣሉ። ነገሩ ይኸው ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ ከዚህ በታች ይገለጣል።

አንደኛ፦ ሃይማኖት ምን እንደ ሆነ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። እነዚህ ስድስት ሴቶች ዕድሜ ልካቸውን የወደቀ ማንሳት፣ የታመመ ማጠብ፣ የራበው ማጉረስ የሃይማኖት ሥራ ይመስላቸው ነበር። ለካ ሃይማኖት ማለት የራስን ወገን ብቻ አጉርሶ በር መዝጋት ኖሯል! ደንቡን በምሳ ሰዓት ጮክ ብዬ ባነበብኩላቸው ዕለት እማሆይ ሉድሚላ ጭልፋቸውን ይዘው እንደ ቆሙ፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ ስንሠራ የኖርነው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ምግብ ቤት ነው፣ እማሆይ፤ መኝታ ያለው» አልኳቸው። «ምግብ ቤት ከሆነማ ገበያተኛው ሁሉ ጥርስ የለውም፤ እንከስራለን» ብለው ሾርባቸውን መጨለፍ ቀጠሉ። እማሆይ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሃይማኖት እንደሌላቸው ከመንግሥት መስማት ለሌላ ሰው ይከብድ ይሆናል፣ እሳቸው ግን የሚያቀርቡት ምሳ ነበራቸው።

በዚሁ አንቀጽ ሥር፣ ደንቡን የምንቀበልበት የአንድ ዓመት ፋታ በመስጠትዎ የተሰማንን ደስታም ልገልጽ እወዳለሁ። ጥርስ ነቃይ ጉጠቱን ይዞ አፋችሁ ላይ ቆሞ «አይዟችሁ፣ ዛሬ አይደለም፤ የዛሬ ዓመት ነው» ሲል የሚሰማ ደስታ ያህል ነው የተደሰትነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ፤ እርስዎ ግን አጥሩን ከመነቅነቅዎ በፊት የምትነቀነቁበት ቀን ይኸው ብለው በጽሑፍ አሳውቀውናልና፣ ይህን ያህል ጨዋነት ከየትም አይገኝም።

ሁለተኛ፦ ሰልፍ የማናውቅ ሰዎችን ሰልፈኛ ስላደረጉን እናመሰግናለን። በከተማችን ከዚህ በፊት ሰው ተሰልፎ የሚታወቀው ለቁርባንና በጾም ወቅት ዓርብ ዓርብ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ለሚሸጠው የዓሣ ጥብስ ብቻ ነው። ባለፈው መጋቢት ግን በየከተማው ያለን ምእመናን በአንድ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ በየፌዴራል ሕንፃው ፊት እንድንሰለፍ ጥሪ ደረሰን። መሪም፣ ድርጅትም፣ ድምፅ ማጉያም አልነበረንም፤ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው እየተጠራራን ተሰባሰብን። ችግሩ ማርሎ ፖይንት ውስጥ ያለው የፌዴራል ሕንፃ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ እሱም ፖስታ ቤቱ ነው። ስለዚህ ሁለት መቶ ሰው ሆነን፣ መፈክር የጻፍንበትን ካርቶን ተሸክመን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እንጀራዬን የበላሁበትን ቤት ከብበን ጮኽንበት።

የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ግሌንዳ ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወጣችና ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«ምነው ክላረንስ! የቴምብር ዋጋ የምጨምረው እኔ መሰልኩህ እንዴ?»

«በአንቺ አይደለም የምንጮኸው፣ በመንግሥት ነው።»

«እና እዚህ አገር ከእኔ ሌላ ምን መንግሥት አለ? ጩኹብኝ እንግዲህ!» ብላ እየሳቀች ገባች። ጥቂት ቆይታ ግን አሮጊቶቹ እንዳይቸገሩ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ አምጥታ ሰጠችን። በዚህ ጉዳይ ከመንግሥት ያየነው ደግነት እስከ ዛሬ ይኸው ብቻ ስለ ሆነ፣ በግል ማኅደሯ ውስጥ እንዲመዘገብላት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና የቋሊማውን ጉዳይም አልደብቅዎትም፤ ከጠላት አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ሥጋ ሻጩ ወዳጄ ስታንሊ ግራቦቪች በልግስና የሚስተካከለው የለም፣ በማስታወስ ግን የማይበልጠው የለም። ሰልፈኛ በባዶ ሆዱ አይቆምም ብሎ ከማንም ጋር ሳይመክር ሁለት መቶ ቋሊማ አዘጋጀ፤ መጥበሻውን በመኪና ጭኖ መጣ፣ ከፖስታ ሣጥኑ አጠገብ ከሰሉን አቀጣጠለ። ነጭ ሽንኩርቱ ሽታው መንገዱን ሞላው። ካህናችን አባ ኤሜት ጸሎት አድርሰው ሰው ሁሉ ወደ መጥበሻው መጠጋት ሲጀምር፣ ከኋላ አንዲት ሴት «ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?» አለች።

ክቡር ሆይ፣ በእኛ በካቶሊኮች ሥርዓት በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓሣ ይበላል እንጂ ሥጋ ክልክል ነው። ስለ እምነቱ ነፃነት ሊጮኽ ከየቤቱ የወጣ ሕዝብ፣ በራሱ የጾም ቀን፣ በራሱ ሰው እጅ የተጠበሰ ቋሊማ ከብቦ ቆሟል። እንዲህ ያለ ስሕተት ከእኛ በቀር ማን ይሠራዋል!

«ሁለት ቀን ሙሉ ሥጋ ስፈጭ ነው የከረምኩት፤ በዚህ መሃል ማን ቀን ይቆጥራል!» አለ ስታንሊ። ፊቱ ከከሰሉ ብሶ ቀላ። ከዚያም ወደ ካህኑ ዞሮ «አባ፣ እርስዎ ጾሙን ይፍቱልንና እንብላ። የተለየ ቀን እኮ ነው» አላቸው።

አባ ኤሜት እንደ ሁልጊዜው ወደ እማሆይ ሉድሚላ ተመለከቱ።

«ልጄ» አሉት እማሆይ፣ «መንግሥት እምነታችንን አይፍታብን ብለን መጥተን፣ ለቋሊማ ብለን እኛው ልንፈታው ነው?»

ሁለት መቶ ሰው ምራቁን ዋጠ። ከመንገዱ ማዶ ግን ደንብዎን ደግፈው የወጡ ስድስት ያህል ሴቶች ቆመው ነበር። ስታንሊ የለፋበት እንዳይበላሽ ብሎ ትሪውን ተሸክሞ ተሻገረ። «ጾም የሌለባችሁ ብሉልኝ» አላቸው። አንዷ በጥርጣሬ አየችውና «መርዝ ነገር የለበትም አይደል?» አለችው። «አለበት እንጂ፤ ነጭ ሽንኩርት» አላት። በሉለት፤ አንዷማ ሦስት በላች፤ ለልጆቿም ቋጥሮ ሰጣት። እነሆ ደንብዎን የደገፉት በሙሉ ጠግበው፣ የተቃወሙት በሙሉ ተርበው ወደየቤታቸው ተመለሱ። መሥሪያ ቤትዎ ካወጣቸው ደንቦች ሁሉ ይህን ያህል በአንድ ቀን ፍሬ ያፈራ ያለ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ስለ ሎኔታ መናገር አለብኝ፤ ለእርስዎም ለእኛም ስለሚጠቅም። ሎኔታ በመጦሪያ ቤቱ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራች አስታማሚ ናት፤ ባፕቲስት ናት፣ የእኛ ጾም አይመለከታትም፤ ስለዚህ ከእኛ ወገን ቆማ ቋሊማዋን በሰላም እየበላች ነበር። «አንቺም ከእኛ ጋር በመሆንሽ ደስ ብሎኛል» አልኳት።

«ከእናንተ ጋር አይደለሁም፣ ሚስተር ዱዴክ» አለችኝ። «ከእማሆይ ጋር ነኝ። እኔ የመከላከያውን ክኒን እወስዳለሁ፤ ማህፀኔን ያመኛል። ከደመወዜ እየቆጠብኩ ነው የምገዛው። ስለ እኔ ነው አይደል ይህ ሁሉ ጩኸት? መንግሥትም ስለ እኔ ይላል፣ እናንተም ስለ ሠራተኞቻችን ትላላችሁ። አንድ ሰው 'ሎኔታ፣ አንቺስ?' ብሎ አልጠየቀኝም።»

እማሆይ አጠገባችን ስለ ነበሩ ሰሙ። «ለሕመም ከሆነማ መድኃኒት ነው፤ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አሏት።

«ለሕመም ባይሆንስ፣ እማሆይ?» አለች ሎኔታ።

እማሆይ ሉድሚላ እጇን ብቻ ያዙት፤ እሷም አልነጠቀቻቸውም። ይህን ቀልድ ላደርገው ሞክሬ አልሆነልኝም። ሎኔታን አለመጠየቃችን የእኛ ጥፋት ነው፣ እቀበላለሁ፤ ለእሷ መድኃኒቷን ለማድረስ ስድስት መነኮሳይያትን ከማንበርከክ ሌላ መንገድ እንደሌለ ማን እንዳስረዳዎት ግን እኔም ልጠይቅዎት። እኔ ደብዳቤ ሳድል በኖርኩበት አገር አንዱ በር አልከፈት ሲል በሌላው በር ይኬዳል እንጂ ቤቱ አይፈርስም።

ሦስተኛውን ምስጋና እማሆይ ሉድሚላ አንብበው «ይህ ቁጣ ነው እንጂ ደብዳቤ አይደለም» ብለው አስወጥተውኛል። ቦታውን ባዶ የተውኩልዎ እንደ ሕሊናዎ እንዲሞሉት ነው።

አራተኛ፦ ለሰልፋችን ፈጣን ምላሽ ስለ ሰጡን እናመሰግናለን። በሦስተኛው ሳምንት «ቅሬታችሁ ደርሶናል» የሚል ደብዳቤ ከአንድ ቅጽ ጋር ተያይዞ መጣልን። ቅጹ በሁለት ዓምድ የተከፈለ ሲሆን፣ በቤቱ የሚኖሩትን ሰዎች ሁሉ በስም እየጠራ በአንድ በኩል «የተቋሙን እምነት የሚጋራ»፣ በሌላው በኩል «የማይጋራ» በሚል እንድንመዘግብ ያዛል። የሚጋሩት በአብዛኛው ከሆኑ ምሕረቱ ሊታይልን እንደሚችልም በደግነት ተጠቁሟል።

እማሆይ ቅጹን አይተው «እኔ በዚህ በር ሰው ስቀበል የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ምን መብላት ትወጃለሽ? ማን ይናፍቅሻል? ሌላው የእግዚአብሔር ሥራ ነው» አሉና አጣጥፈው የሚወዛወዘው የወጥ ቤት ጠረጴዛ እግር ሥር ወተፉት። ጠረጴዛው ጸጥ አለ፤ ስለዚህ ቅጹ አልጠቀመም አይባልም። እኔ ግን ቤቱ እንዳይዘጋ ስለ ፈራሁ፣ በማግስቱ እማሆይ ጸሎት ላይ ሳሉ ከተወተፈበት መዝዤ አወጣሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ከበር ወደ በር የሄድኩ ሰው ነኝና፣ እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ከአንድ ቁጥር ክፍል ቆጠራውን ጀመርኩ።

በሦስት ቁጥር ያሉት ሚስተር ኦርቪል ታኬት ናቸው፤ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሃይማኖታቸውን ብጠይቃቸው «ክሊቭላንድ» አሉኝ።

«እሱ እኮ የቤዝቦል ቡድን ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፤ ጃጅቻለሁ እንጂ አልሞትኩም! ከስልሳ ዓመት በላይ አንድም ዋንጫ ሳያሳየኝ ያመንኩት እሱን ነው። ከዚህ የበለጠ እምነት ካለ ንገረኝና እገባለሁ።» እንደ ቃላቸው ጻፍኩ።

በዘጠኝ ቁጥር ያሉት ሚስ ሂልደጋርድ ኦትስ፣ ዕድሜ ልካቸውን መምህርት የነበሩ፣ ሜቶዲስት ናቸው። ጥያቄዬን ሲሰሙ ጋዜጣቸውን አስቀመጡና «ለምንድን ነው የሚፈልጉት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እንዲያ ከሆነ ካቶሊክ ብለህ ጻፈኝ።»

«ሐሰት ይሆናል እኮ፣ ሚስ ኦትስ።»

«በዘጠና ዓመቴ አንድ ውሸት ብዋሽ እግዚአብሔር ይረዳኛል። እማሆይን እንዳያስቸግሯቸው፤ ጻፍ ነው የምልህ!»

አልጻፍኩም፤ እሳቸውም እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ልጆቻችንን እውነት ተናገሩ እያሉ አርባ ዓመት ያስተማሩን ሴት እምነታቸውን በውሸት ሊያስመዘግቡ የደረሱት በእርስዎ ቅጽ ነውና፣ ይህም ከመሥሪያ ቤትዎ ስኬቶች ጋር ይቆጠርልዎ።

ውጤቱ እንደሚከተለው ነው። አርባ አንድ ነዋሪ፤ አሥራ ዘጠኝ ካቶሊክ፣ ሃያ አንድ ሌላ፣ አንድ ክሊቭላንድ። ካቶሊኩ አብዛኛውን ቁጥር እንዲይዝ ካቶሊክ ካልሆኑት ውስጥ ቢያንስ አራት ሰው መውጣት አለበት። አራት ሽማግሌ በር ላይ ብናስቀምጥ ቅዱስ ዮአኪም በማግስቱ የሃይማኖት ቤት ሆኖ ያድራል፤ ከነአልጋቸው ብናወጣቸው ደግሞ ይበልጥ መንፈሳዊ እንሆናለን።

አሥራ አራት ቁጥር ስደርስ ስሟን ካቶሊኮቹ ዘንድ ልጽፍ እርሳሴን አሳረፍኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከዚያ እጄ ቆመ። በርናዲን ካቶሊክ አይደለችም። ሉተራን ሆና ተወልዳ፣ ሉተራን ሆና አግብታኝ፣ ሉተራን እንደ ሆነች አርባ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ ኖራለች። እሑድ እሑድ በአንድ መኪና እንወጣና እሷን ቤተ ክርስቲያኗ ደጅ አውርጃት እኔ ወደ ራሴ እሄድ ነበር፤ ቀድሞ የጨረሰ ሌላውን ይጠብቃል። «የእናንተ ሰባኪ ዛሬም አላቆምም አለ?» ትለኛለች። «የእናንተው መዝሙር ነው እንጂ ያዘገየሽ» እላታለሁ። በጾም ዓርብ ደግሞ አንድም ጊዜ ሳልጠይቃት ዓሣ ትሠራልኝ ነበር፤ አብራኝም ትበላ ነበር። ለምን የእኔን እምነት አትይዢም ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በቤታችን ተነሥቶም አያውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ቅጽዎን ይዤ ከአልጋዋ አጠገብ ቆምኩና ጠየቅኋት። «በርናዲን፣ ሃይማኖትሽ ምንድን ነው?»

እንደ እንግዳ ሰው ቀና ብላ አየችኝ። ፈገግ አለች፤ ጨዋ ናት።

«ባለቤቴን ይጠይቁት» አለችኝ፤ «እሱ ያውቃል። ደብዳቤውን አድሎ ሲጨርስ ይመጣል፤ እስከዚያው ቁጭ ይበሉ።»

ቁጭ አልኩ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ ማላገጡ አይሆንልኝም። ስሟን በሁለተኛው ዓምድ ጻፍኩት፤ እውነቱ እሱ ስለ ሆነ። እንግዲህ ይህ ቤት ሃይማኖት አለው ተብሎ እንዲተርፍና ባለቤቴ የምትተኛበት አልጋ እንዲኖራት፣ ከአልጋቸው ሊነሡ ከሚችሉት ሃያ ሁለት ሰዎች አንዷ ባለቤቴ ናት። ደንቡን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ከዚህ የተለየ ትርጉም አላገኘሁበትም። አዝኛለሁ፤ ተናድጃለሁም። እኔና በርናዲን በአንድ ጣሪያ ሥር አርባ ዘጠኝ ዓመት ሳንለየው የኖርነውን ነገር እርስዎ በአንድ መስመር ከሁለት ከፈሉት።

በመጨረሻም፣ ለሰጡኝ ጊዜ፣ ባይሰጡኝም ይሰጡኝ ነበር ብዬ ለማምነው ጊዜ፣ ጥልቅ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅብዎ፣ በእርጅናዎም ወራት ሳይቆጥርዎ ደጁን የሚከፍትልዎ ቤት እንዳያጡ ከልብ እመኛለሁ።

የክቡርነትዎ ትሑት መዝጋቢ፣
ክላረንስ ዱዴክ
የቀድሞ ፖስተኛ፣ ማርሎ ፖይንት፣ ኦሃዮ

ግልባጭ፦
ለእማሆይ ሉድሚላ፦ ከጠረጴዛው ሥር የተሰረቀባቸው ንብረት የት እንደ ደረሰ እንዲያውቁት
ለወይዘሪት ሎኔታ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠይቃ መልስ እንድትሰጥበት
ለሚስ ሂልደጋርድ ኦትስ፦ ለይቅርታ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ቅጹን ሞልቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የሚወጡትን አራት ሰዎች ግን እኔ አልመረጥኩም፤ ሥልጣኑ የእርስዎ ነው። ምርጫዎን ከጨረሱ በኋላ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ስማቸውን በፖስታ እንዳይልኩት። ራስዎ መጥተው ይንገሯቸው። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለዚህች ከተማ የዘመቻ ጥሪ፣ ከቤት የማስወጫ ትእዛዝና መርዶ አድርሻለሁ፤ ወረቀቱን በበሩ ቀዳዳ አስገብቶ የሚያነበውን ሰው ፊት ሳያዩ መሄድ ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ አውቃለሁ።